ሐኪም ወርቅነህ፦ አያታቸው በጠባሳ የለዩዋቸው ሰው

በዚህ ሳምንት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። በሬዲዮ ያመለጣችሁ እዚህ አንብቡት። ዓይናችሁ የደከመ ካላችሁ ደግሞ በቤት ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ሰው ጠርታችሁ አስነብቡት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው እላለሁ፤ ተማሪው ይጽፋል፣ ያጠናል፣ ፈተናውን ያልፋል። ሰውየው በሕፃንነታቸው ከአገር መውጣታቸውን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲመለሱም የእናታቸውን ቋንቋ የማያውቁ እንግዳ መሆናቸውን ግን አላነሣም ነበር። ይህ የታሪኩ ክፍል የገባኝ እኔም ከአገር ወጥቼ ከእናንተ ጋር ሮቫ ዩድ መኖር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

በመቅደላ የጠፋው ልጅ

ወርቅነህ የተወለደው በ1860ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ነው። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ይባላሉ። ጊዜው የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመን ነበር። ንጉሡ አብዛኛው አገር ከድቷቸው፣ የቀራቸውን ሠራዊትና ሕዝብ አስከትለው፣ ትልቁን መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አምባ ወጡ። የትንሹ ወርቅነህ ቤተሰብም እዚያው አምባ ላይ ነበር።

እንግሊዞች በንጉሡ የታሰሩባቸውን ሰዎች ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ላኩ። ጦሩ የመጣው ከሕንድ ነው፤ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም አብረው መጡ። ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ፣ ተራራውን ሁሉ እየወጣና እየወረደ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 አምባው ተያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ።

ጦርነት ሲያልቅ የሚጻፈው የንጉሡና የጄኔራሉ ታሪክ ነው። በዚያ ቀን በአምባው ላይ የነበሩትን እናቶች ግን አስቧቸው። ቤት ይቃጠላል፣ ሰው ይሯሯጣል፣ አንዱ ሌላውን ይጣራል። በዚያ ትርምስ መካከል የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ከቤተሰቡ ተለየ። የእንግሊዝ ወታደሮች አገኙት። ወላጆቹ ማን እንደሆኑ የሚነግራቸው ሰው ስላልነበረ፣ ኮሎኔል ቻምበርሊን የሚባል መኮንን አዘነለትና ይዞት ወደ ሕንድ ተመለሰ።

ከዚያው አምባ ሌላ ልጅም ወጥቷል፤ የንጉሡ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ። እሱ ሰባት ዓመት ገደማው ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፣ በ18 ዓመቱ በ1879 ሞተ፣ ዊንዘር በሚባለው የነገሥታቱ ግቢ ተቀበረ። ሁለት ልጆች ከአንድ አምባ በአንድ ጦር ተወሰዱ። የንጉሡ ልጅ በባዕድ አገር ቀረ፤ የነጋድራሱ ልጅ ተመለሰ።

ቻርልስ ማርቲን

ቻምበርሊን ልጁን በሰሜን ሕንድ ማሳደግ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሞተ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ። ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን ደግሞ የትምህርት ወጪውን ቻለ፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። ስሙም ከሁለቱ አሳዳጊዎች ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ወርቅነህ የሚለውን ስም የሚያውቅ አንድም ሰው በአጠገቡ አልነበረም። እሱ ራሱም አያውቀውም።

ልጁ ብርቱ ተማሪ ነበር። ላሆር ከተማ በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተምሮ በ1882 ተመረቀ። ለጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ (ከእንግዲህ አንቱ እንበላቸው፤ ሐኪም ሆነዋልና) ወደ ስኮትላንድ ሄደው ኤዲንብራ ላይ ተጨማሪ ትምህርት ተማሩ። ከዚያም በርማ በሚባለው አገር የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነው ተሾሙ። ደህና ደመወዝ፣ ደህና ቤት፣ የተከበረ ሥራ ነበራቸው። ሰው የሚመኘውን ሁሉ አግኝተዋል ማለት ይቻላል። ከየት እንደመጡ ግን ከመቅደላ በቀር የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

በ1896 መጋቢት ወር የዓድዋ ድል ተሰማ። ወሬው በየአገሩ ጋዜጣ ወጣ፤ በርማም ደረሰ። ያ ሐበሻ የሚባለው፣ እሳቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተሸነፈ አገር ሆኖ ሲነገራቸው የኖረው ሕዝብ፣ የአውሮፓን ጦር አሸነፈ። ሐኪም ማርቲን ከዚያ በኋላ ልባቸው በበርማ አልረጋም። አገሬ ወደሚሉት፣ ነገር ግን አንድም ቀን በሰው ልጅነት ዕድሜ ወዳላዩት አገር ለመሄድ ተነሡ።

የአያቲቱ መምጣት

በ1899 አዲስ አበባ ገቡ። ባቡር ገና አልተዘረጋም፤ ከባሕሩ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን በግመል፣ ደጋውን በበቅሎ መጓዝ ነበር። አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሐኪሙ ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ መቀበል ጀመሩ። ሐኪም በጣት የሚቆጠርበት ዘመን ስለነበር ሰው ጎረፈ። ዐፄ ምኒልክም አስጠርተው ተቀበሏቸው።

እንግዲህ አስቡት። መልካቸው ሐበሻ፣ አለባበሳቸው ፈረንጅ፣ ስማቸው ቻርልስ ማርቲን። ሕመምተኛው አማርኛ ይናገራል፣ እሳቸው አይሰሙም፤ በአስተርጓሚ ነው ነገሩ ሁሉ። ከመካከላችን ቁፓት ሆሊም ሄዶ ሕመሙን በልጁ አፍ ያስረዳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ እዚያ ቋንቋ የጠፋው ሕመምተኛው ሳይሆን ሐኪሙ ነበር፤ ያውም በገዛ አገሩ።

በመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ያን ጊዜ ሬዲዮ የለም፣ ጋዜጣ የለም፤ ገበያውና መንገደኛው ነው ወሬውን የሚያደርሰው። ወሬው አንዲት አሮጊት ዘንድ ደረሰ። እኚህ ሴት በ1868 አንድ የልጅ ልጅ ጠፍቶባቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አልፏል። ሌላ ሰው ቢሆን ሞቷል ብሎ ዕርሙን ያወጣ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው መጡ።

መጥተውም ሐኪሙን ዝም ብለው አልተጠመጠሙባቸውም። በልጅየው ገላ ላይ የሚያውቁት ጠባሳ ነበር፤ በእጁና በእግሩ ላይ። ከማንም በፊት ያንን ጠየቁ። ሐኪሙ ልብሳቸውን ገለጥ አደረጉ። ጠባሳው አያቲቱ በተናገሩበት ቦታ ተገኘ። ያን ጊዜ ነው ቻርልስ ማርቲን ስማቸው ወርቅነህ፣ አባታቸውም እሸቴ መሆናቸውን ያወቁት። በሠላሳ አምስት ዓመት ዕድሜ ገደማ ከገዛ ስማቸው ጋር ተዋወቁ።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ላይ እቆማለሁ። ሴትዮዋ የልጅ ልጃቸውን አገኙ፤ ግን ሊያነጋግሩት አልቻሉም። ሠላሳ አንድ ዓመት በልባቸው ያጠራቀሙትን በአስተርጓሚ አፍ ነው የነገሩት። ልቅሶ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ጨዋታ ግን ይፈልጋል። የልጅነቱን ነገር፣ የእናቱን ነገር፣ የአገሩን ወግ ለማጫወት ቃል ያስፈልጋል።

ከእናንተ መካከል ይህን የቀመሰ ብዙ ነው። ከ1985 እስከ 1991 ድረስ ልጅ እዚህ፣ ወላጅ እዚያ ሆኖ ስንቱ ቤት ተለያይቷል። በሱዳን በኩል ቀድሞ የመጣው ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ጎረመሰ፣ ዕብራይስጥ አፉን ፈታ፣ አማርኛው ተሸረሸረ። እናት በሰሎሞን ዘመቻ ስትደርስ የቆማት ረጅም ወጣት ነው። ታቅፈዋለች፣ ትስመዋለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ምን ብላ እንደምታነጋግረው ይጨንቃታል። የሐኪም ወርቅነህ አያት ያን ጭንቅ ከመቶ ዓመት በፊት አይተውታል።

መመለስ በአንድ ቀን አያልቅም

ታሪኩ ተረት ቢሆን ኖሮ አያትና ልጅ ተገናኙ፣ በደስታ ኖሩ ተብሎ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የሐኪም ወርቅነህ ኑሮ ግን እንዲህ አልሆነም። የሚያኗኗራቸው ሥራ የእንግሊዝ መንግሥት ነበርና ወደ በርማ ተመለሱ። በ1908 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ፤ ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ሠርተው ዳግመኛ ወደ በርማ ሄዱ። ለመኖር ብለው ጠቅልለው የገቡት በ1919፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው መምጣት እስከ መጨረሻው ሃያ ዓመት ፈጀ።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አገቡ፤ ብዙ ልጆችም ወለዱ። አማርኛንም እንደ ተማሪ ከሀ ሁ ጀምረው ተማሩ። የዕለት ማስታወሻቸውን ግን ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር። ሰው ለራሱ ሲጽፍ የሚጽፈው በቀለለው ቋንቋ ነው። በአደባባይ አማርኛ እየተናገሩ፣ ማታ ለብቻቸው ሲሆኑ የሕንዱ ልጅ ቻርልስ ማርቲን ይሆኑ ነበር ማለት ነው። ሁለቱንም ስም እስከ መጨረሻው ይዘው ኖሩ፤ አንዱን ለመሆን ሌላውን አልጣሉም።

የሚገርመኝ፣ ያልተማሩትን የአገራቸውን ቋንቋ ለሌሎች ልጆች ማስተማሪያ ማድረጋቸው ነው። በ1920ዎቹ ስለ ዓለም አገሮች የሚያስተምር የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። በዚያን ጊዜ በአማርኛ የተዘጋጀ የትምህርት መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነበር። በ1925 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤትም ዳኛ ሆነው ሠርተዋል፤ ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበርና። ባርነት እንዲጠፋ፣ ነጻ የወጡትም እንዲማሩ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ናቸው።

በ1927 ወደ አሜሪካ ተላኩ። ጉዳዩ የጣና ነበር። በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ ለመሥራት ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ግብጽንና ሱዳንን የያዙት እንግሊዞች ነገሩን አልወደዱትም፤ ግድቡም ሳይሠራ ቀረ። እዚያ ሳሉ ኒው ዮርክ ውስጥ ሃርለም የሚባለውን የጥቁሮች ሰፈር ጎብኝተው፣ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ተወስዶ የተመለሰ ሰው፣ አያቶቻቸው ከአፍሪካ የተወሰዱባቸውን ሰዎች ኑ ብሎ ጠራ።

በ1930 የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ተቀመጡ። አዛዥ ወርቅነህ የሚባሉት ከዚህ በኋላ ነው። ጨርጨርን ለሌላው አገር ምሳሌ ለማድረግ መንገድ ማሠራት፣ ትምህርት ቤት መክፈት፣ ሹሙ ከገበሬው በመብላት ፈንታ በደመወዝ እንዲያድር ማድረግ ጀመሩ። የተማሩ ወጣቶችንም ወስደው አሠሩ። በዚያ ዘመን ለገበሬው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የሁለተኛው መመለስ

በ1935 በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ፤ ዛሬ አምባሳደር እንደምንለው ማለት ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ደርሷል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ። ሽማግሌው በየስብሰባው እየዞሩ፣ ደብዳቤ እየጻፉ፣ ገንዘብ እያሰባሰቡ ለአገራቸው ተሟገቱ። በ1936 አዲስ አበባ ተያዘች፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ተሰደው ሎንዶን ገቡ። በሕፃንነታቸው የእንግሊዝ ጦር ከአገራቸው የወሰዳቸው ሰው፣ በእርጅናቸው እዚያው እንግሊዝ አገር አገር የሌለው መንግሥት ወኪል ሆኑ። በ1938 የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያንን ግዛት አውቆ ፈረመ። እሳቸው ግን አልተመለሱም፤ ተስፋም አልቆረጡም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ከአዲስ አበባ የመጣው መርዶ ነው። ሁለት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ጥቁር አንበሳ ከሚባለው የአርበኞች ማኅበር ጋር ሆነው ተዋግተዋል። የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተካሄደው ጭፍጨፋ፣ በ1937፣ ሁለቱም ተገደሉ። የዚያ ጭፍጨፋ ዋና ዒላማ የተማረው ወጣት ነበርና። አባት ሎንዶን ሆነው ሰሙት። ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት በሌለበት አገር መርዶ መስማት ምን እንደሆነ፣ በስልክ የእናት የአባት ሞት የሰማችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1941 ኢትዮጵያ ነጻ ወጣች። በ1942 ሐኪም ወርቅነህ ዳግመኛ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሰባ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። በ1899 ሲመጡ የጠበቃቸው ያልጠበቁት ዘመድ ነበር። በ1942 ሲመጡ ግን ሲያስቧቸው የነበሩት ሁለት ልጆች አልነበሩም። በመጀመሪያው መመለስ ቋንቋው አልነበራቸውም፤ በሁለተኛው ቋንቋው ሞልቶ ልጆቹ ጎደሉ። ያም ሆኖ ወደ ሌላ አገር አልሄዱም። አዲስ አበባ ላይ አሥር ዓመት ኖረው በ1952 ዐረፉ። በጎንደር የተወለደው፣ በመቅደላ የጠፋው ልጅ በአገሩ አፈር ተቀበረ።

ለእኛ

ብዙዎቻችን ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ጎንደርን ለማየት ሄደን ተመልሰናል። ሰፈሩ ተለውጦ፣ የምናውቀው ሰው አልቆ፣ ልጆቹ ፈረንጅ መጣ እያሉ ሲከተሉን አይተናል። ከዚያ ደግሞ ወደዚህ ስንመለስ የራሳችን የልጅ ልጅ የምንለውን አይሰማም። ሁለት ጊዜ እንግዳ መሆን ከባድ ነው። ሐኪም ወርቅነህም ይህ ደርሶባቸዋል፤ የወሰዱት መድኃኒት ግን ረጅም ነው። ሃያ ዓመት ተመላለሱ፣ ፊደል ቆጠሩ፣ ሠሩ። አገራቸው የሆነው በመወለድ ብቻ ሳይሆን በመድከምም ነው።

እኔ ግን ከሐኪሙ ይልቅ አያቲቱን አስባለሁ። ስማቸው በብዙ መጽሐፍ አይገኝም። እሳቸው ባይመጡ፣ ጠባሳውን ባያስታውሱ፣ ሐኪሙ ማን መሆናቸውን ሳያውቁ ወደ በርማ ይመለሱ ነበር። ልጁ የረሳውን ያስታወሱለት እሳቸው ናቸው።

እናንተም ዛሬ በየቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ማስታወሻ ይዛችኋል። የአባታችሁን አባት ስም፣ የተወለዳችሁበትን መንደር፣ ወንዙን፣ በሱዳን መንገድ ላይ የቀሩትን ሰዎች ስም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የልጅ ልጆቻችሁ በዚህ ሻባት ቤት ሲመጡ አንዱን አስቀምጡና ይህን ንገሩት። አማርኛው ካልገባው እናቱ ወይም አባቱ ያስተርጉሙለት፤ የሐኪም ወርቅነህ አያትም ያደረጉት እንዲሁ ነው። ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ ድምፃችሁን ይቅዱት። ዛሬ ባይሰማው አንድ ቀን ራሱ ፈልጎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚያገኘው ነገር ይኑር።

እስከ ሳምንት ሰላም ሁኑ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።